የጥንቸሎቹ ዓይንና የብልቃጡ ውሃ

በጦርነቱ ጊዜ መርሳ ውስጥ ሰው ሁሉ ሰውን በዓይነ ቁራኛ ይከታተል ነበር፤ እኔም ከማንም አላንስም። ከወልድያ የሚሸሹት መኪኖች ባለፉ ቁጥር «ሰርጎ ገብ ገብቷል» የሚል ወሬ ጥለውልን ይሄዳሉ። እኔ ያኔ ከከተማዋ ወጣ ባለ ግቢ ውስጥ አንድ የሚያስተኛ መድኃኒት ጥንቸሎች ላይ እሞክር ነበር።

ያስቸገረኝ ዓይናቸው ነው። ወግቼ ባስተኛኋቸው ማግስት የአንዳንዶቹ ዓይን ተቆጥቶ፣ ጥርት ያለው የፊት ሽፋኑ ጉም ለብሶ አገኘዋለሁ። መድኃኒቱ ነው እንዳልል፣ ሁሉንም እኩል ወግቼ ግማሾቹ ደህና ናቸው። ታዲያ ማን ነው የሚነካካብኝ?

ጥንቸሎቹን የሚመግቡት በቅርቡ ከጉባ ላፍቶ ተፈናቅለው የመጡ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበሩ። መርሳ ውስጥ የሚያውቃቸው የለም። አንድ ቀን ድንገት ስገባ፣ ጥጥ በብልቃጥ እያራሱ የተኙትን ጥንቸሎች ዓይን ሲነኩ ደረስኩባቸው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ውሃ ነው» አሉና ብልቃጡን ኪሳቸው ከተቱት።

ውሃ ኪስ ውስጥ ምን ይሠራል? ደሜ ፈላ። ሌላ ሳልጠይቅ ሄጄ ለሰፈሩ ጠባቂዎች ነገርኩ።

«መርዝ ካልሆነ ይጠጡት» አላቸው አብሮኝ የመጣው ጠባቂ። ሽማግሌው ተጎነጩ፤ ፊታቸው ጭምድድ አለ። «ይኸው!» አለና ይዟቸው ሄደ፤ ብልቃጡን መርምረው ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። መመርመር ምን ያደርጋል ብዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጥንቸሎቹን ሁሉ አስተኛሁና ማንም እንዳይነካቸው አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ዓይናቸውን እንደከፈቱ ተኙ፤ አንዴም አላርገበገቡም። በነጋታው ጉም ያልለበሰ ዓይን አልነበረም። ያኔ መሳቢያውን ከፍቼ ከብልቃጡ ጠብታ ምላሴ ላይ አደረግሁ። ጨው ነው። እንባ እንባ ይላል።

ሮጬ ሄጄ አስፈታኋቸው። እፍረቴ አንገቴን አስደፍቶኝ «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ምናለ ቢነግሩኝ?» አልኳቸው።

«ውሃ ነው አላልኩህም? ዓይናቸውን ከፍተው ነው የሚተኙ፤ ይደርቅባቸዋል። ጨው ጣል አድርጌ አፍልቼ፣ ለደረስኩላቸው አረጥብ ነበር። እኔ ስታሰር ማን አየልኝ እነሱን?»

«እኔ ቁጭ ብዬ ስጠብቃቸው ነበር።»

«ከማን?» አሉኝ።