«እሺ» ብዬ የወጣሁበት መስኮት

መጀመሪያ የቆሰለው አፌ ነው። የታችኛው ከንፈሬ ውስጥ ትንሽ ነጭ ነገር ወጣችና ጠዋት ሻይ ስጠጣ ለበለበችኝ። «ምች ነው» አልኩ። ጎረቤቱም ምች ነው አለ። ቄራ ውስጥ አፉ የቆሰለ ሰው ሁሉ ምች ነው የመታው፤ ሌላ በሽታ ያለ አይመስለንም! ዳማከሴ ጨምቄ ተቀባሁ፣ ጠጣሁም፣ ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ዘይነባ እባላለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬን ካዛንቺስ ስሰፋ ኖሬ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ የስፌት መኪናዬን አስጭኜ ቄራ ገባሁ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ለታዘዘላችሁ ነው፤ ለሚሸጡላችሁና የሚሸጡትን ለሚያስተምሩም ጭምር። አለሳልሼ አልነግራችሁም።

ነገሩ የተነሳው ከጣቶቼ ነው። ጠዋት ጠዋት አንታጠፍም ብለው መርፌ መያዝ ሲያቅተኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ የመገጣጠሚያ በሽታ ነው፣ «ሩማቶይድ አርትራይተስ» ይባላል አለኝና ሁለት መድኃኒት ጻፈልኝ፤ ሜቶትሬክሴትና ፎሊክ አሲድ። በሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር። «አወሳሰዱን ፋርማሲ ያስረዱዎታል» ብሎ ሸኘኝ።

ፋርማሲው ባምቢስ አካባቢ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ የቆመችው ልጅ ገና የተመረቀች፣ ጋዎኗ ያልታጠበ አዲስ፣ ፊቷ የዋህ። ወረቀቱን አየች፣ ሁለቱን መድኃኒት አመጣች፣ ፓኬቶቹ ላይ በስክሪብቶ ፈጠን ፈጠን ብላ ጻፈችና በመስኮቱ ገፋችልኝ። «ሁለቱም በቀን አንዴ አንዴ፣ እሺ እትዬ?» አለች። ከኋላዬ የቆመ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሰው አስቆምኩ ብዬ አፈርኩ። «እሺ የኔ ልጅ» ብዬ ወጣሁ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ፎሊክ አሲዱስ ይሁን፣ በየቀኑ ቢወሰድም አይጎዳ። ሜቶትሬክሴት ግን ለመገጣጠሚያ ሲታዘዝ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው፤ ሐኪሙም እንደዚያው ነበር የጻፈው። እሷ እጇ የለመደውን ጻፈች።

እኔ ደግሞ መድኃኒት በማዛነፍ የምታማ ሴት አይደለሁም። አፌ እየቆሰለ ዋጥኩ። ጉሮሮዬ አላሳልፍ ሲል በውሃ አሟሙቼ ዋጥኩ። ልጄ ሐናን «እማ፣ እስኪ ትንሽ ተዪው» ስትለኝ «ሐኪም ያዘዘውን አንቺ ልታስተዪኝ ነው?» ብዬ ተቆጣኋት።

ከዚያ ትኩሳት መጣ። ድዴ ደማ። ማንም ሳይነካኝ ክንዴ በለዘ። ፀጉሬ ትራሱ ላይ ቀረ። አንድ ጠዋት ልነሳ ብል እግሬ ከዳኝ። ሐናን ጮኸች።

ድንገተኛ ክፍል ደሜን ቀዱ። ዶክተሯ መድኃኒቶቼን ከፌስታሉ አውጥታ አገላበጠቻቸው።

«ይሄን በየቀኑ ነው የሚወስዱት?»

በጭንቅላቴ አዎ አልኩ። ኮራ ብዬ ነበር የነቀነቅኩት፤ አንድም ቀን አላሳለፍኩማ!

ዶክተሯ ፓኬቱን ለብቻው አስቀመጠች። ቀጥላ ሐናንን ከመጋረጃው ጀርባ ጠራቻት። «የአጥንት መቅኔያቸው ደም መሥራት አቁሟል። ነጭ የደም ሴል የላቸውም ማለት ይቻላል። ደም የሚያረጋው ፕላትሌታቸውም ወርዷል። አሁን ተራ ጉንፋን ሊገድላቸው ይችላል።»

መጋረጃ ድምፅ አይከልልም። ሰማሁ።

ለብቻዬ አስተኙኝ። መብላት የለም። ምራቅ መዋጥ የለም። ምላሴ ቁስል ብቻ ሆነ። ሸሃዳዬን በልቤ ያዝኩ፣ አፌ አይከፈትማ። ሐናን ማስክ አድርጋ ትገባለች፤ ዓይኗ ብቻ ይታየኛል። ከእኔ ሌላ ማንም የላትም። መሞቱን አልፈራሁም ብል ውሸት ነው፣ ግን ከሁሉም የፈራሁት ለእሷ ነው።

«የሜቶትሬክሴቱን መርዝ የሚያረክስ ሉኮቮሪን የሚባል መርፌ ያስፈልጋቸዋል፤ እኛ ጋ አልቋል» አለቻት ዶክተሯ። ሐናን የሰንጋ ተራን ፋርማሲዎች ዞረች። ካዛንቺስ ያልፈረሱትን ዞረች። የለም። የለም። የለም። በመጨረሻ ንዴቷ ወደዚያው መስኮት ወሰዳት። ፓኬቱን መስታወቱ ላይ ለጥፋ «ይሄን የጻፍሽው አንቺ ነሽ? እናቴ እየሞተች ነው!» አለቻት።

ልጅቷ ቅድስት ትባላለች። አልካደችም። ጽሑፏን አየችና ፊቷ አመድ መሰለ፤ «ሉኮቮሪን ተሰጣቸው?» ብቻ አለች። እንደሌለ ስትሰማ ጋዎኗን አውልቃ፣ አብረዋት ለተማሩት ሁሉ እየደወለች ከሐናን ጋር ወጣች። አንዷ ጓደኛዋ ከምትሠራበት የግል ሆስፒታል ተገኘ። ወላሂ፣ እስከ በሩ ድረስ ይዛው የመጣችው ራሷ ናት።

መርፌው ከገባ በኋላ ወዲያው ተሻለኝ ማለት አይደለም፤ ፕላትሌት ሰጡኝ፣ አንቲባዮቲክ ሰጡኝ፣ የደም ምርመራው እያደር ከፍ እያለ መጣ፣ ሐናን አጥሚቱን አቀዝቅዛ በማንኪያ ስታጎርሰኝ አንድ ቀን ሳያቃጥለኝ ወረደና ሁለታችንም ተያይተን አለቀስን። ከዚያ ወዲያ ነው ቅድስትን ያስገቧት።

«እትዬ፣ ሜቶትሬክሴትን ለፈተና በቃሌ ነበር የማውቀው» አለችኝ ወለሉን እያየች። «በሳምንት አንዴ መሆኑንም ጽፌ ነው ያለፍኩት። ግን ማለቴ… ለሰው አስረድቼ አላውቅም። የልምምድ ጊዜያችን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስንደረድር አለቀ። ታካሚ አማክራለች ተብሎ ተፈረመልኝ።»

«ታዲያ ምን ተምረሽ ነው ሰው ፊት የቆምሽው!» ብዬ ጮኽኩባት። ድምፄ ገና ስላልተመለሰ ሹክሹክታ ሆኖ ወጣ። ይቅር አላልኳትም። ደግሞ «ውጪ»ም አላልኳትም።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ የቅድስት አስተማሪ የሆነውን ከእሷ ሰምቶ ቤቴ ድረስ መጣ። ኮሌጁ አዲስ ፈተና ሊጀምር ነው፤ ተማሪው ከታካሚ ፊት ተቀምጦ መድኃኒት ካላስረዳ አይመረቅም። «እትዬ ዘይነባ፣ ታካሚዋን እርስዎ ይሁኑልን» አለኝ።

«ሞት ሲስተኝ ደግሞ መለማመጃ ልታደርጉኝ ነው?» ብዬ ገላመጥኩት። ግን ሄድኩ። እነዚያ ልጆች ነገ እያንዳንዳቸው አንድ መስኮት ላይ ይቆማሉ፤ እዚያ ደግሞ የሌላ ሐናን እናት ትመጣለች።

ፈተናውን ያበጀሁት እኔ ነኝ ብል አላጋነንኩም። ተማሪው ያሻውን ያስረዳል፤ እኔ ምንም ይበለኝ ምን «እሺ የኔ ልጅ» እላለሁ። «እሺ»ዬን ተቀብሎ የሸኘኝ ይወድቃል። «እስኪ እንዴት እንደሚወስዱት መልሰው ይንገሩኝ» ብሎ ቀኑን ከአፌ ሳይሰማ የማይለቀኝ ያልፋል። የመጀመሪያው ቀን አብዛኛው ወደቀ። ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ልጅ መድኃኒቱ ሴል ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን ሁሉ ተረከልኝ፤ እሺ አልኩት፤ «ይማርዎት» ብሎ ተነሳ። እሱም ወደቀ።

ጉድ ፈላ። ወላጅ መጣ። ከአስተማሪዎቹም «ለአንዲት ጥያቄ ምርቃት ይከልከል?» ያሉ ነበሩ። ስብሰባ ጠርተውኝ ትንሽ ላላ እናድርገው ወይ አሉኝ። ከንፈሬን ገልብጬ ጠባሳውን አሳየኋቸው። «እኔም የጎደለችኝ አንዲት ጥያቄ ነበረች» አልኳቸው። ፈተናው እንዳለ ቀረ። እዚያ ኮሌጅ ማለቴ ነው። ሌላ ቦታ አሁንም እየተፈረመ ይወጣል፣ እኔ ምን አቅም አለኝ።

ጣቶቼ አልዳኑም። ያ መድኃኒት ተከልክሎብኛል፣ የተተካው ደካማ ነው፣ መኪናው ላይ አሁን የምትቀመጠው ሐናን ናት። አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ። ለዶክተሯ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሐናንን ምን ብዬ አመሰግናታለሁ? ቅድስትንም አመሰግናለሁ፤ እጽፈዋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፣ ግን እውነት ነው። ተመርቃ ሳለ ማንም ሳያስገድዳት ያንን ፈተና ልፈተን ብላ ፊቴ ተቀመጠች። ሁለቱን ፓኬት ሰጠችኝ፣ አስረዳችኝ። «እሺ የኔ ልጅ» አልኳት። ፓኬቱን መልሳ ያዘችብኝ። «እሺ አይበሉኝ እትዬ። ይንገሩኝ።»

እናንተም መስኮቱን ከመልቀቃችሁ በፊት መልሳችሁ ንገሯቸው፤ የቱ በየቀኑ፣ የቱ በሳምንት፣ በየትኛው ቀን። ከኋላ ያለው ሰው ጉሮሮውን ቢጠርግ ይጥረግ። እሱ ቢቆይ የሚቀርበት ታክሲ ነው።