የሙዱላ ሽማግሌዎችና የጢሞቴዎስ መልእክት

ከሆሳዕና መናኸሪያ ስነሳ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ሙዱላ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን አዲስ ለመረጠቻቸው ሽማግሌዎች ትምህርት እንድሰጥ ጠርታኛለች። የማስተምረው ለጢሞቴዎስና ለቲቶ የተጻፉትን መልእክቶች ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መሪ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት የሚመክሩትን። ረዳቱ «ዱራሜ! ዱራሜ!» እያለ ተጣራ፤ ሚኒባሱም ጢም ብሎ ሞላ።

ከዱራሜ ወዲያ

ዱራሜ ላይ ቆጮ በጎመን በልቼ መኪና ቀየርኩ። ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት ወርደን ገፋን። አንዲት ዝንጅብል ነጋዴ ጫማዋን አውልቃ ከወንዶቹ እኩል ትገፋ ነበር። መኪናው ሲንቀሳቀስ ጉልበቴ ላይ ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ አየችና፣

«ሙዱላ ልታስተምሪ ነው? መጀመሪያ አስታርቂልን» አለችኝ።

«ማንን ከማን?»

«ወንጌላዊውን ከጋሼ ሄራሞ። እሳቸው ተቀይመው ከቤተ ክርስቲያን ከቀሩ ወዲህ ግማሹ ሰው አምልኮ አይመጣም።»

ሙዱላ

ወንጌላዊ ማቴዎስ ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቆ ተቀበለኝ። ወጣት ነው፤ አነጋገሩም አረማመዱም ፈጣን። ስለ ጠቡ ግን ትንፍሽ አላለም።

በማግስቱ ለሽማግሌዎቹ እሱ እንዲያነብልን ጠየቅሁት። ጢሞቴዎስ በዕድሜ የገፋን ሰው እንደ አባቱ ቆጥሮ በለዘበ ቃል እንዲመክር የታዘዘበት ቦታ ሲደርስ ንባቡን አቁሞ መጽሐፉን አጠፈ።

«ጋሼ ሄራሞ ከጎረቤታቸው ጋር አልታረቅም ሲሉ ጉባኤ መሐል አዋረድኳቸው» አለ። «ትምህርቱ ይቆየን፣ እህቴ። ልሂድ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ ሁላችንም ተከትለነው ወጣን።

አቶ ሄራሞ የዝንጅብል ማሳቸው ውስጥ ነበሩ። ሲያዩን ቀና አላሉም። ማቴዎስ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

አቶ ሄራሞ ዶማቸውን ተደግፈው ቁልቁል አዩት። እኔ እምቢ የሚሉ መስሎኝ ፈራሁ።

«ያልከው እውነት ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ግን ልጆቼ ፊት አልከኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ስትወልድ ታውቀዋለህ።» ይህን ብለው ግን እጁን ይዘው አስነሡት። የእጃቸው ጭቃ ሸሚዙ ላይ ቀረ። «በል፣ እኔም የምሄድበት አለኝ» አሉና አጥሩን ተሻግረው ወደ ጎረቤታቸው ደጅ አመሩ።

ማሳው ዳር ቆመን ጠበቅናቸው። በሩ ተከፈተ፤ ገቡ፤ አልወጡም። ብዙ ቆይቶ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «እንግዲህ ምሳም እዚያው ነው» ሲል ሳቅን። ማቴዎስ እየሳቀ ዓይኑን ይጠርግ ነበር።

እሁድ

አቶ ሄራሞ ከነቤተሰባቸው መጥተው ከጎረቤታቸው ጎን ተቀመጡ። ማቴዎስ ስብከቱን ጀምሮ ሲያያቸው አቋርጦ እጅ ነሣቸው።

«ቀጥል፣ ልጄ» አሉት ከመቀመጫቸው።

ማታ ሆሳዕና ቤቴ ገባሁ። በመንገዱ ሁሉ ሳስብ የመጣሁት አንድ ነገር ነው፤ መሪ ማለት ቀድሞ ወደ ተቀየመው ሰው ደጅ የሚሄድ ነው። ባለቤቴ ውሃ እያቀረበልኝ፣ «ትምህርቱን ጨረሳችሁ?» አለኝ።

«የት ጨረስነው!» አልኩት። «መሐሉ ላይ ስንደርስ ለቃሉ መታዘዝ ጀመሩ።»