ነጩ እጀ ጠባብ

የተተኮሰ ሸሚዜን ለብሼ ሐኪም ቤት ተራዬን እጠብቃለሁ። ነርሷ የዓይን ቅባት ስትከፍት ሽታው ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ሰበታ መለሰኝ።

ከውጭ አገር የመጡ የበጎ አድራጎት ሐኪሞች ከገበያው በላይ ድንኳን ተክለው ድሃውን በነጻ ያክሙ ነበር። ሁለቱም ዓይኖቼ ስላበጡ የአባቴ እኅት አዳዳ ጫልቱ ወሰደችኝ። ሐኪም ፊት በቆሻሻ ልብስ መቅረብ ነውር ነው ብላ የጥምቀት ነጭ እጀ ጠባቤን በእንዶድ አጥባ አለበሰችኝ።

ከሐኪሞቹ ጋር የመጣ ፎቶ አንሺ ፈረንጅ አየኝና ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ነገረው።

«እትዬ፣ ይህን ያውልቁለትና አሮጌ ልብሱን ያልብሱት» አለ አስተርጓሚው። «ፎቶው ውጭ አገር ላሉት ለጋሾች ነው የሚላከው። እንዲህ አምሮበት ካዩት ማን ያዝንለታል?»

«አንተ፣ እናትህ ሐኪም ቤት ስትወስድህ አቧራ ቀብታህ ነበር?» አለችው አዳዳ።

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። አስተርጓሚው ፊቱ ጠቆረ።

«እንግዲያው ከሁሉም በኋላ ይግቡ።»

«እገባለሁ! የታመመው ዓይኑ ነው፤ ከፈለገ ዓይኑን ፎቶ ያንሣው።»

ተራችን ሲደርስ የቀረው ቅባት ለቀኝ ዓይኔ ብቻ በቃ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ «ልብሴን ብቀይር ምን ነበረበት?» ብዬ አለቀስኩ። አዳዳ የእጀ ጠባቤን አቧራ አራገፈች።

«ነገ እንመለሳለን። ልብስህን እንዳታቆሽሽ።»

በማግስቱ ስንመለስ ድንኳኑ ተነሥቷል። ወደ ተጂ ከተማ ሄዱ ተባልን። አዳዳ መቀነቷን አጠበቀችና እጄን ይዛ የተጂን መንገድ ጀመረች፤ አልደረስንባቸውም።

«የትኛው ዓይንህ ነው?» አለችኝ ነርሷ።

«ግራው» አልኳት፣ ኮሌታዬን አስተካክዬ።