የራይሊ እርጥብ ካልሲ

ራይሊ ፈሪ ነበረች። እያማኋት አይደለም፤ ራሷም ብትሰማኝ አትክድም። ከቤት ስትወጣ በሩን ሦስት ጊዜ እየሳበች መዘጋቱን ታያለች፤ አውቶቡስ ውስጥ ከመውጫው አጠገብ ካልሆነ አትቀመጥም፤ ስልክ ሲጮህ ቀድሞ የሚመጣባት መርዶ ነው። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንሠራ የማትፈራው አንድ ነገር ብቻ አየሁባት። በየካቲት ብርድ፣ በምሳ ሰዓት፣ የናሲያርቪ ሐይቅ በረዶ ላይ በተቆፈረው ጉድጓድ ገብታ ጥቂት ዋኝታ ትወጣለች። እብድ ነሽ እላታለሁ። እዚያ ውስጥ ለመፍራት ጊዜ የለም ትለኛለች።

የምንሠራው ታምፔሬ ከተማ ውስጥ፣ ከሐይቁ ዳር ባለች ትንሽ ፋብሪካ ነው። ከበቆሎ ስኳር ተብላልቶ የሚወጣ አሲድ ይመጣልናል፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው። እሱን እንደ ሰንሰለት ቀጣጥለን ፖሊመር የሚባል ፕላስቲክ እናደርገዋለን፤ ፖሊመሩን አቅልጠን ደግሞ ከጥፍር የማትበልጥ ብሎን እናወጣለን። ብሎኗ የተሰበረ አጥንት አጣብቃ ትቆያለች፤ አጥንቱ ከገጠመ በኋላ እዚያው ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለች ሟሙታ ትጠፋለች። እሷን ለማውጣት ተብሎ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ በቢላ አይነካም።

ጠላታችን ውሃ ነው። ፖሊመሩ መጀመሪያ እንደ ሩዝ ፍሬ ደቆ ነው የሚቀመጠው፤ ፍሬው በደንብ ሳይደርቅ ከቀለጠ እርጥበቱ ሰንሰለቱን ይበጣጥሰዋል። ብሎኗ ስትታይ ታምራለች፣ ታብረቀርቃለች፣ ግን ቀኗ ሳይደርስ ትፈርሳለች። ስለዚህ ፍሬውን በሳህን ዘርግተን ማድረቂያ ቁምሳጥን ውስጥ ብዙ ሰዓት እናቆየዋለን። ችግሩ ያ ቁምሳጥን እቤታችን ያለውን መምሰሉ ነው። እኛ ዘንድ ልጆች ከበረዶ ሲገቡ ጓንትና ካልሲያቸው የሚደርቅበት ሞቃት ቁምሳጥን አለ፤ እጃችን ከሕፃንነቱ ለምዶታል፣ ሳያስብ ይከፍተዋል።

ሐሙስ ነበር፣ በአገራችን የአተር ሾርባ የሚበላበት ቀን። ራይሊ ከሐይቁ ስትመለስ በረዶው ላይ የምትረግጥበት የሱፍ ካልሲ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። የልብስ መቀየሪያው ጎጆ ምድጃ ጠፍቶ ኖሮ ሳታደርቀው መጥታለች። ሾርባዬን እስክጨርስ ብላ ባዶውን ቁምሳጥን ከፈተችና ካልሲውን ከታችኛው መደብ ላይ ዘረጋችው። ሾርባው ላይ ሳለች እህቷ ደወለች፤ ወሬው ረዘመ። በዚህ መሀል እኔ አምስት ሳህን ፍሬ አምጥቼ ከካልሲው በላይ ባሉት መደቦች ደረደርኩና በሩን ዘጋሁ። ራይሊ ካልሲዋ ትዝ ያላት ወደ ቤት ልትሄድ ስትል ነው። አወጣችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። በማግስቱ በደንቡ መሠረት ከላይኛው ሳህን አንድ ማንኪያ ተለካ፤ ደረቅ ነው ተባለ። ብሎኖቹ ተሠሩ፣ ታሸጉ፣ ሄዱ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በግንቦት አለቃችን ኦስሞ ደብዳቤ ይዞ ገባ። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ክርኗ ተሰብሮ በእኛ ብሎን ተይዞ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ብሎኗ ፈርሳ አጥንቱ ተንሸራቷል፤ ልጅቱ እንደገና በቀዶ ጥገና ብረት ገብቶላታል። የምርቱን ቁጥር ሲያነብ ራይሊ የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠች። ኦስሞ ቀጠለ፤ ከዚያው ምርት ሌሎች ዘጠኝ ብሎኖች ዘጠኝ ልጆች ሰውነት ውስጥ አሉ።

ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ጨመደደችኝ።

«ቴርሂ፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነሽ?»

ስለ ካልሲው ነገረችኝ። ሐኪሙ አጉል አጥብቆት ይሆናል፣ ልጅቱ ወድቃበት ይሆናል እያልኩ የመጣልኝን ሁሉ ዘበዘብኩ። እሷ አልሰማችኝም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እያለች ወደ ማቀዝቀዣው ሄደች።

ከእያንዳንዱ ምርት፣ ከእያንዳንዱ ሳህን፣ አንድ አንድ ብሎን ለእንዲህ ያለ ቀን እዚያ ይቀመጣል። ራይሊ አምስቱንም አውጥታ መዘነችና ለየብቻ አሟሟቻቸው። ቀሪው ፈሳሹን በቀጭን የመስታወት ቱቦ እያወረዱ ከላይኛው ምልክት እስከ ታችኛው ለመድረስ የሚፈጅበትን ሰኮንድ መቁጠር ነው። ሰንሰለቱ ደህና ከሆነ ፈሳሹ ይንቀራፈፋል፤ ከተበጣጠሰ ይሮጣል። ከመቶ ሃያ ካነሰ ብሎኗ አትታመንም።

የላይኛው ሳህን መቶ ሠላሳ አራት ሆነ። ከኋላችን የቆመው ኦስሞ ተነፈሰ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ደህና ናቸው። አራተኛው መቶ ሃያ አንድ። ከካልሲው አጠገብ የነበረውን አምስተኛውን ስትለቀው እኔ ወለሉን አየሁ። የያዘችው መቁጠሪያ ሰዓት ቀጭ ሲል ገና ነው፣ ተሳስታ ነው የነካችው አልኩ በልቤ። ሰማንያ ስምንት።

ኦስሞ የቁምሳጥኑ ማራገቢያ ተበላሽቶ ይሆናል አለ። አምላክ የከፈተላት ቀዳዳ ነበር፤ ጡረታዋ ስድስት ወር ቀርቶታል፣ ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር።

«ማራገቢያው ደህና ነው» አለች። «እርጥብ ካልሲዬን አድርቄበታለሁ።»

ኦስሞ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለን ነበር። ወደ እኔ ዞረ።

«ሳህኖቹን ያስገባሽው አንቺ ነሽ። ካልሲ አላየሽም?»

አፌን ከፈትኩ። ራይሊ ቀደመችኝ። «ጥቁር ነው እኮ፣ ጥግ ላይ ነበር። እንዴት ብላ ታየዋለች?» አለች። እኔም እውነቷን ነው በሚል አንገቴን ነቀነቅኩ።

ያልተተከሉት ብሎኖች ተሰበሰቡ። ለዘጠኙ ልጆች ሐኪሞች ተጻፈ፤ ስማቸውን አናውቅም፣ ቁጥር ብቻ ነው የምናውቀው። አጥንት እስኪገጥም ስምንት ሳምንት ነው። ራይሊ በየጠዋቱ ፖስታው ሲመጣ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ እዚያው ትቆም ነበር። የአንዱ ልጅ አጥንት ይዟል ተባለ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ስምንተኛውም ይዟል ሲባል ተቀምጣ አለቀሰች። ስለ ዘጠነኛው ግን ቤተሰቡ አገር ለቆ ሄዷል፣ አድራሻ የለም የሚል መልስ መጣ።

ራይሊ ጡረታ ወጣች። ሐይቁን ተወችው። በየሐሙሱ ትደውልልኛለች፤ ስለ ጤናዬ እንኳ ሳትጠይቅ «ከዘጠነኛው ምንም የለም?» ትላለች። ምንም የለም እላለሁ። ያ ልጅ አሁን ወይ ክንዱን እያወዛወዘ ይሮጣል፣ ወይ ክንዱ ተጣሞ ቀርቷል። እንዲህ እያሰብኩ የማንንም ልጅ ክርን ሳላይ ማለፍ አልችልም።

ካልሲው ጥቁር አልነበረም። ደማቅ ቀይ ነበር፣ ራሷ የሠራችው፤ ሠላሳ ዓመት በየክረምቱ አይቼዋለሁ። ያን ሐሙስም አየሁት። ይድረቅላት ብዬ በሩን ዘጋሁ።