ተራውን የለቀቀው በያጅ

ባየ መጀመሪያ የሞተር ሳይክሉን የነዳጅ ታንክ ይፈታል። ቤንዚኑን እስከ ጠብታው በጄሪካን ይገለብጣል። በኦሞ ያጥበዋል፣ ያሸተዋል፣ ደግሞ ያጥበዋል። ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ በሁለት ድንጋይ መሃል ያስቀምጠውና ውሃ ይሞላዋል። ከሚበየደው ቦታ ሥር ጣት የምታህል ክፍተት ብቻ ይተዋል። ቀለሙ እንዳይቃጠል ዙሪያውን በእርጥብ ጆንያ ይጠቀልላል። እሳት የሚለኩሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

«ጋሽ ባየ፣ ቀዳዳዋ የምስር ፍሬ አታህል! ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» ይለዋል የቸኮለ ባለሞተር።

«ቀዳዳውንማ ማንም ይደፍነዋል። ጤነኛውን ቆርቆሮ ማን ይጠብቅልህ?»

የቢቸና ሰው ሁሉ ይህን ጥንቃቄውን ያውቃል። ባየ ፕሮስቴቱ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ሲሄድም፣ ባለሙያዋ እፀገነት የነገረችው አልከበደውም። ፕሮስቴት ከፊኛ በታች፣ ከደንዳኔ፣ ከትልቁ አንጀት ጫፍ፣ ፊት ነው ያለው። ጨረሩ እሱን ሲመታ ጎረቤቶቹን እንዳያቃጥል በሽተኛው ተጸዳድቶ ይመጣል፤ ውሃ ጠጥቶም ተራው እስኪደርስ ሽንቱን ይይዛል። የሞላ ፊኛ አንጀትን ከጨረሩ መንገድ ገፍቶ ያወጣል። ባዶ ደንዳኔም ፕሮስቴትን ከቦታው አይነቀንቀውም።

«ውሃ ሞልቶ መበየድ በይኛ!» አላት። ሳቀች።

አንድ ቀን ባየ ፊኛው ሞልቶ፣ ጉልበቱን ገጥሞ ተራውን ሲጠብቅ መሪጌታ አምባቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ገቡ። የመርጡለ ማርያም ሰው ናቸው፤ ሕመማቸውም ያው ነው። ታክሲ ስላስረፈዳቸው ውሃቸውን ገና መጠጣት መጀመራቸው ነበር። ባየ ብድግ አለ።

«መሪጌታ፣ ይቅደሙ።»

«ኧረ ተው ልጄ፣ ያንተ ተራ ነው።»

«እመብርሃንን! እርስዎ ቆመው እኔ ልቀድም?»

አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ መረቀው። «የጨዋ ልጅ!» በር ላይ ያለችው ረዳትም ደስ ብሏት አስገባቻቸው።

መሪጌታ ውስጥ ቆዩ። ባየ ቻለ፣ ቻለ፣ አልቻለም፤ መጸዳጃ ቤት ሮጦ ሁሉንም ለቀቀው። ሲመለስ ስሙ ተጠራ።

«ሞልቷል?» አለችው እፀገነት።

«ሞልቷል» አላት፤ ይሉኝታ ያዘውና።

አልጋው ላይ ተጋደመ። ጨረሩ ከመለቀቁ በፊት የምታየውን ምስል አነሳችና እየተንደረደረች መጣች።

«ጋሽ ባየ፣ ይኼ ባዶ ነው! አንጀትዎ መንገዱ ላይ ተዘርግቷል! እኔን ዋሽተው ማንን ሊያቃጥሉ ነው?»

«መሪጌታን ላስቀድም ብዬ…»

«ወንበር ይልቀቁላቸው! ጋቢዎን ያልብሷቸው! ተራው ግን የተሰላው ከጠጡት ውሃ ጋር ነው! እሳቸውንም ባዶ ሆነው አግኝቼ አሁን ነው ያስወጣኋቸው። እርስዎ ባዶ ታንክ ይበይዳሉ?»

ባየ ከአልጋው ወረደ። ወጥቶ እንደገና ውሃ ሲቀዳ መሪጌታ አጠገቡ እየጠጡ ነበር።

«ልጄ፣ አክብሮትህ እኔን ሳልሞላ አስገባኝ፤ አንተን አፍስሶ አስገባህ። ያች ልጅ ባታይ አብረን ተጠብሰን ነበር።»

የዚያን ቀን ሁለቱም ሞልተው፣ አምሽተው ታከሙ። ባየ ሕክምናውን ጨርሶ ወደ ብየዳው ከተመለሰ ቆየ፤ ንዴቱ ግን አልበረደም። በራሱ ውሸት ይናደዳል፤ ከዚያ የባሰ የሚያናድደው የዚያ አግዳሚ ምርቃት ነው። «በምርቃት ሊያቃጥሉኝ!»

ትናንት እኔ ብየዳ ቤቱ ተቀምጬ ሳለ የሞጣው የጨርቅ ነጋዴ አብዱልሐኪም ሊሰናበተው መጣ። እሱም ለዚያው ሕክምና እየሄደ ነው። ባየ ሁሉንም ነገረው።

«ለሽማግሌ ግን እንዴት አይለቀቅም፣ ጋሽ ባየ? ነውር አይደለም?»

ባየ መዶሻውን ወረወረው። «ነውሩ ሌላ ነው! ሽማግሌውን ፊኛው ሳይሞላ እሳት ላይ ማስተኛት ነው ነውር!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ የምትጽፍ ከሆነ ይህችን ጻፍልኝ። ወደዚያ አልጋ የምትሄዱ ሁሉ፣ ተራችሁን ለማንም አትልቀቁ፤ እኔ እንኳ ብመጣ። ይሉኝታ አሸንፏችሁ ከለቀቃችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ከመጋደማችሁ በፊት ‹ሸንቻለሁ› በሉ።»