የገሳይ በረዶ የተጻፈበት ክታብ

ንጉሡ ጋፋት ላይ መድፍ በሚያሠሩበት ዘመን፣ እኔ አሥር ዓመት ሳይሞላኝ፣ ደብረ ታቦር ካለው ቤታችን አንድ የኩርድ አገር ሰው ተቀመጠ። አባቴ ኢየሩሳሌም በእግሩ ደርሶ የተመለሰ፣ ዐረብኛ የሚናገርና የሚያነብ ስለ ነበረ እንግዳውን ለእርሱ ሰጡት። ሰውዬው ከውጭ አገር መልክተኞች ጋር በምጥዋ በኩል የመጣ ነው። የመሄጃ ፈቃድ እስኪሰጠው ከከተማው እንዳይወጣ ታዟል።

ሥራው መጻፍ ነበር። በእነርሱ ዘንድ በየሳምንቱ የሚታተም ጋዜጣ የሚባል ወረቀት አለ፤ ለዚያ የሚሆነውን፣ ያየውን ሁሉ ይጽፋል ብሎ አባቴ ነገረን። እስላም ነውና ሥጋችንን አይበላም፤ እኛም እርሱ ያረደውን አንበላም። ሽሮና ጎመን ግን አብረን እንበላ ነበር። ከበላ በኋላ ጉልበቱ ላይ ጣውላ አድርጎ ከቀኝ ወደ ግራ ሲጽፍ ይውላል።

በእኛ አገር ሲጽፍ የሚውል ሰው ወይ መጽሐፍ ገልባጭ ነው፣ ወይ ክታብ የሚጽፍ ደብተራ ነው። ታላቅ እኅቴ ልትወልድ ከእኛ ዘንድ መጥታ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ልጆች ወልዳ ሾተላይ በተወለዱ በሳምንታቸው ወስዶባታል። ክታብ እንዲጽፍላት በአባቴ በኩል ለመነችው።

«እኔ ጠንቋይ አይደለሁም በላት» አለ።

«ደብተራ ሁሉ መለመን ሲያምረው እንዲያ ይላል» አለች።

በማግስቱ እንግዳው ወንዝ ሲወርድ ከጻፈው አንድ ቅጠል ወረቀት ወሰደችበት። ቆዳ ሰፊ ዘንድ አሰፍታ አንገቷ ላይ አሰረችው። እኔ ስትወስድ አይቻታለሁ።

ብዙም ሳይቆይ የንጉሡ ጸሐፊ መጥቶ የእንግዳው ጽሑፍ ሁሉ በንጉሡ ፊት እንደሚነበብ ተናገረ፤ ነገ እወስዳለሁ ብሎ ሄደ። እንግዳው በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ ቁጥር ይጽፍ ስለ ነበር አንዱ መጉደሉን ወዲያው አየ። ቀደም ሲል አንድ ፈረንጅ ስለ ንጉሡ ክፉ ጽፏል ተብሎ በሰንሰለት ታስሯል። የጎደለው ቅጠል የተደበቀ ስድብ ነው ከተባለ እርሱም መታሰሩ ነው፤ አባቴም አብሮ። ሣጥኑን ሁለት ጊዜ ገለበጠ። ይህን ጊዜ እኅቴ መውሰዷን ለአባቴ ተናገርሁ።

እኅቴ አንገቷን በሁለት እጇ ያዘች። ክታብ ሳይወልዱ ከተፈታ ሾተላዩ ይመለሳል ይባላል።

«ምን እንዳለበት ታውቂያለሽ?» አላት አባቴ። «ገሳይ በሚባለው አገር በረዶ ገብሱን መታው ነው የሚለው። እርሱ ራሱ ነገረኝ።»

«ለእናንተ ገብስ ነው። ለእኔ ልጄ ነው።»

«የእስላም ጽሑፍ እኮ ነው፣ አንቺ!»

«ጋኔኑ እስላም ክርስቲያን ብሎ ይለያል?»

አባቴ የተባለውን ሁሉ ለእንግዳው ተረጎመለት። እንግዳው አዲስ ቅጠል አውጥቶ ጻፈ። አባቴ አነበበላት፦ «ዛሬ ደብረ ታቦር ላይ አንዲት እርጉዝ ሴት አየሁ። ደኅና ቆማ ትሄዳለች። ድምፅዋ ብርቱ ነው። ልጅዋን ለማንም አትሰጥም።»

ሦስት ጊዜ አስነበበችው። ከዚያ «አዲሱ ሳይታሰር አሮጌው አይፈታም» አለች። አዲሱ ተሰፍቶ መጣ፤ ታሰረላት። ያን ጊዜ አንገቷን ዝቅ አደረገችና አባቴ የአሮጌውን ክር በቢላዋ ቆረጠው።

ጸሐፊው በማግስቱ ሲቆጥር የተጨማደደውን ቅጠል ለብቻው አነሣ። «ይህስ ምን ሆኖ ነው?» አለ። አባቴ እውነቱን ነገረው።

«የበረዶ ክታብ!» ብሎ ሳቀ። «ይህን ያህል ዘመን ስማር ይህን ያስተማረኝ የለም።» ከሌሎቹ ጋር አስሮ ወሰደው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈቃድ መጣና እንግዳው ወደ ምጥዋ ወረደ። ኋላ እኔም ተምሬ ጋዜጣ አንብቤአለሁ፤ የእርሱን ግን አላገኘሁትም።

እኅቴ በኅዳር ሴት ልጅ ወለደች። ክታቡን ከአንገቷ ፈትታ ለልጅቷ አሰረችላት። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልናስነሣት ስንሄድ ቄሱ አይተው «ይህ ምንድን ነው?» አሉ። አባቴ የተጻፈውን ቃል በቃል ነገራቸው። ቄሱ ልጅቷን አዩ፤ እኅቴን አዩ።

«ሐሰት የለበትም» አሉና አጠመቋት።