የትምህርት ቤታችን የአጋም አጥር

ባለፈው ሳምንት አንድ ችግኝ መሸጫ ደጃፍ ላይ አጋም በጥቁር ላስቲክ ተተክሎ አየሁ። አጋም! ካርቶን አንጠልጥለውበት «አገር በቀል» ብለው ጽፈውበታል። ሻጩ ወጣት ዓመቱን ሙሉ እንደማይረግፍ፣ አበባው እንደሚያውድ፣ ፍሬው እንደሚበላ ያስተምረኝ ጀመር። እኔን! ጅግጅጋ ላይ ምላሷ በአጋም ጠቁሮ ያደገችውን! ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ።

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ወታደሩ አባቴ ጅግጅጋ ተመድቦ ሳለ፣ የትምህርት ቤታችን አጥር ዙሪያውን አጋም ነበር። በበጋ ሜዳው ሁሉ ደርቆ፣ ነፋሱ አፈሩን ዓይናችን ውስጥ ሲሞጅረው፣ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው እሱ ብቻ ነው። ነጫጭ አበባው ሲፈነዳ ሽታው ክፍላችን ድረስ ይገባል። ፍሬው መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፤ ሳይጠቁር የቀጠፈ ችኩል ነጩ ወተቱ ከንፈሩ ላይ እየተጣበቀበት ሲልስ ይውላል። እሾሁስ! ስንት ቀሚስ እንደቀደደብኝ እናቴ ትናገር።

አጥሩን የሚንከባከቡት ዘበኛችን አው ሐሰን ነበሩ፤ «አው» ማለት በዚያ አገር የሽማግሌ ክብር ነው። የበሰለውን በኮፍያቸው ለቅመው ያድሉናል። ሥሩን ፍቀው ከሥጋ መረቅ ጋር እየቀቀሉ ለጉልበታቸው ይጠጡታል፤ እባብ ያባርራል ብለውም ቁራጩን ጎጇቸው ጣራ ላይ ሰክተውታል። ያባርር አያባርር እንጃ፣ እኔ ግን እባብ አላየሁም። ሚስታቸው ከታመሙ ቆይተዋል፤ ሁለቱም የሚኖሩት በዚያችው የዘበኝነት ደመወዝ ነበር።

ከዚያ ጋሼ ደምሴ መጣ። አንቱታውን ያኔ በፍርሃት ሰጥቼዋለሁ፤ ዛሬ ግን አልሰጠውም። ከመሃል አገር የተላከ የእርሻ መምህር ነው፤ እርሻ ማለት ግን ጫማ የሚያቆሽሽ ነገር ነበር የሚመስለው። በየአስር እርምጃው ቆሞ ጫማውን በሱሪው ጀርባ ያሻል። ከክፍለ ሀገር እንግዶች ሊጎበኙን ነው ሲባል ሰውዬው አበደ። የአጋም ቅርንጫፍ እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይህ ቁጥቋጦ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው፤ ነገ ይነቀላል!» አለን። በምትኩ የባሕር ዛፍ ችግኝና ኖራ የተቀባ ድንጋይ ይደረደራል። ያውም በበጋ!

አው ሐሰን በሶማልኛ ቅላፄያቸው ለመኑት። «መምህር፣ ይሄ ከሌለ ፍየል ይገባል። ፍየል ቅጠሉን ይበላል፣ ግን አያልፍም። ድንጋይ ፍየል አያቆምም።»

«አንተ በርህን ጠብቅ!» አላቸው። አባቱ የሚሆኑትን ሰው፣ አንተ!

እኛም ነቀልን። እውነቱን ልናገር፣ ደስ እያለን ነቀልን፤ ትምህርት የለማ! ሁለት ቀን ሙሉ እጃችን ደማ። የተራረፈውንም ፍሬ እዚያው ጨረስነው።

እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ እየዘመርን፣ የሰፈሩ ፍየሎች ኖራ የተቀባውን ድንጋይ ዘለው በተርታ ገቡ። በሩ ተዘግቷል፤ አው ሐሰንም እዚያው ቆመዋል። ለእንግዶቹ ልናሳየው ከጉድጓድ ውሃ እየቀዳን ያሳደግነውን ጎመን እስከ ሥሩ ጋጡት። ባሕር ዛፉን ግን አሽትተው ተዉት። ፍየል እንኳ ናቀው!

ዳይሬክተሩ ከከተማ ሲመለሱ ጋሼ ደምሴ ቀደማቸው። «ዘበኛው በሩን ከፍቶት ነው» አለ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ። ቀጥሎም ወደ እኔ ዞረ፤ የክፍል አለቃ ነበርኩ። «አይደለም እንዴ?»

አው ሐሰን አዩኝ። የእርሻ ማርኬ በሰውዬው እጅ ነው።

«አዎ» አልኩ።

አው ሐሰን ያንኑ ቀን ከሥራ ተሰናበቱ። አልተቆጡኝም፤ «ምን ታድርግ፣ ልጅ ናት» ብለው ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ። ባሕር ዛፉም ዝናብ ሳያይ ደረቀ፤ ድንጋዩ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀረ። እኔ በእርሻ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ።

ጋሼ ደምሴን እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ፣ ወደፊትም እንቀዋለሁ። ግን እሱስ ይሁን፣ አላዋቂ ነው። እኔ ግን አጋም ምን እንደሆነ እያወቅኩ፣ ፍየሎቹ በየት እንደገቡ በዓይኔ እያየሁ ነው «አዎ» ያልኩት። ያኔ «ኋላ ቀር» የተባለው ዛሬ «አገር በቀል» ተብሎ በላስቲክ ይሸጣል፤ ቃሉን የሚቀያይሩት ግን ያው ጫማቸውን የሚያሹት ናቸው።

ሻጩ ወጣት ችግኙን ከፍ አድርጎ «እናቴ፣ አጥር ቢያደርጉት እኮ ፍየል አያሳልፍም» አለኝ።

«አዎ፣ አያሳልፍም» አልኩት። «ፍየሎቹ የገቡት እሱ ስለተነቀለ ነው። በሩ ተዘግቶ ነበር።»

ልጁ ግራ ገብቶት አየኝ። ለዳይሬክተሩ መናገር የነበረብኝ ይህችኑ ነበር።